ወለተ ጴጥሮስና «ሰባቱ ገዳማት»

ባሕር ዳር ላይ ስለ ጣና ሲወራ በ17ኛው መቶ ዘመን ስለነበረችው መነኩሲትና ቅድስት «ወለተ ጴጥሮስ ሰባት ገዳማት መሠረተች» ሲባል ይሰማል። የሰማ ሰው ጎን ለጎን የቆሙ ሰባት ደብሮችን ያስባል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ገድሏ የሚቆጥረው ማኅበር ነው፤ አብዛኛውም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ የሰፈረ ያው ሕዝብ ነው። ቅደም ተከተሉ ዠበይ፣ ጫንቋ፣ ምጽሌ፣ ዘጌ፣ ደምቦዛ፣ አፈር ፈረስ፣ ዘምቦል ነው። የመጀመሪያው ዠበይ ጭራሽ ጣና ዳር አይደለም፤ አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት አልቀበልም ስትል ያጋዟት፣ ወደ ሱዳን የሚያዋስነው ቆላ ነው። ማኅበሩ የተጀመረው በግዞት ላይ ነው ማለት ነው።

ማኅበራቱ የሴቶች ብቻም አልነበሩም። ወንድም ሴትም ነበሩበት፤ ማደሪያቸው ግን የተለያየ፣ የበላይዋም እርሷ። ይህ በጊዜው ያስቆጣቸው ሊቃውንት ነበሩ፤ «ሴት እንዴት ታዛለች» ብለው ጳውሎስን ጠቀሱ። የተሟገተላት አባ ፈትለ ሥላሴ ነው። ገድሉን ለሚያነብ ከተአምራቱ ሁሉ ይልቅ ማኅበሩ እንዴት ይተዳደር እንደነበር የሚያሳየው ይህ ክርክር ይመስለኛል።

አነባበቡ ላይ ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛው ገድሉንና ተአምሩን፣ ማለትም የተአምራቷን መጽሐፍ፣ መቀላቀል ነው፤ ተአምሩ ከእርሷ በኋላ የነገሡትን ነገሥታት ስለሚያነሣ የእርሷን ዘመን ከዚያ መቅዳት አይቻልም። ከገድሉ ጋር የሚገኙት መልክእና ሰላምታም ግጥም ናቸው፤ ዘመን አይለዩበትም።

ሁለተኛው የዘመን ስሌት ነው። ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠር ዓመት) ካገኛችሁ 5500 ቀንሱ፤ 7165 ሲሆን 1665 ዓ.ም. ይመጣል፣ ገላውዴዎስ የተባለው መነኩሴ ገድሉን የጻፈበት ዓመት። ዕረፍቷ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ነው። ወደ ፈረንጅ ለመቀየር 7 ጨምሩ፣ 1642 ይሆናል። ብዙ ሰው በልማድ 8 ይጨምርና 1643 ይጽፋል፤ 8 የሚጨመረው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ላሉት ወራት ነው።

የተቀበረችው በጣና ደሴት ሬማ ነው። ከእርሷ ቀጥላ እመ ምኔት የሆነችው ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ናት፤ እርሷም በ1649 እ.ኤ.አ. አረፈች። ዛሬ በወለተ ጴጥሮስ ስም የሚጠራው ገዳም፣ ቆራጣ ወለተ ጴጥሮስ፣ በጣና ምሥራቃዊ ዳር ያለ ነው፤ ከሰባቱ ግን አይቆጠርም፣ የተተከለው ከሞተች በኋላ ነውና።