ዴስክቶፑ ላይ የቀረው ሮስተር

ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ሴሚስተር ሲያልቅ መምህራን ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉን ልጆች ስምና ውጤት የያዘውን ሰንጠረዥ ያሳትማሉ፣ ይቸኩላሉ፣ ይሄዳሉ። ፋይሉ ግን እኔ ጋ ይቀራል።

ባለፈው ጥር አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አሳይመንት ሊያሳትም መጣ። ፍላሹን ሰክቶ ትንሽ ቆየና «ጋሼ፣ ይሄ የኛ ክፍል ነው» አለኝ። የክፍል ኃላፊያቸው ጠዋት አሳትማ የሄደችው ሮስተር ነበር። እኔ እስክደርስ ከፍቶታል። ዓይኑ ያረፈው ውጤቱ ላይ አይደለም፣ ጥግ ላይ ያለችው «ምርመራ» የምትለው ዓምድ ላይ ነው። አንዱ ስም ፊት «አባት የለውም» ይላል። ሌላው ላይ «የ2 ወር ክፍያ ያልከፈለ»። አንዷ ላይ ደግሞ «የሚጥል በሽታ አለባት»። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እሷ እኮ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው» አለኝ።

ለማንም እንዳትናገር አልኩት፣ እሺ አለ። ግን የ13 ዓመት ልጅ ነው። ይህን ሸክም ማን ጫነበት? ያቺ ልጅስ ሚስጥሯን ለትምህርት ቤቱ የሰጠችው ድንገት ብትወድቅ መምህሯ እንድትደርስላት እንጂ የወንበር ጓደኛዋ ኮፒ ቤት ውስጥ እንዲያነበው ነው?

መምህሯ ክፉ ሆና አይደለም። ትምህርት ቤቱ ፕሪንተር ቢኖረውም ቀለም የለውም። ደግሞ እዚህ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ስለነበር ሁሉም ነገር በፍላሽ ነበር የሚዞረው፣ ኔቱ ሲመለስ ልማዱ አብሮን ቀረ። አሁን እንዲያውም ተደራርቧል። ፍላሹም አለ፣ ቴሌግራሙም አለ። አንዳንዱ መምህር ፋይሉን ከቴሌግራም ለማውረድ የራሱን አካውንት እኔ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ፣ ሳይዘጋ ይወጣል። ከሱ ቀጥሎ የሚቀመጠው ደንበኛ የወላጆችን ግሩፕ ከነስልክ ቁጥራቸው ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል ማለት ነው።

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የጤና መረጃ ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል ይላል። ለአንድ ጉዳይ የተሰበሰበ መረጃ ለዚያው ጉዳይ ይዋል ይላል። ወደ እኔ ቤት ከሚመጡት መምህራን ግን ስለ አዋጁ የሰማ እስካሁን አላገኘሁም።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። ፓወርስኩል የሚባለውን፣ የአሜሪካና የካናዳ ትምህርት ቤቶች የተማሪ መዝገብ የሚይዙበትን ሶፍትዌር ሌቦች የገቡበት በ2017 ታኅሣሥ ነው። የገቡት በአንድ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ነው። ድርጅቱ መረጃው እንዲጠፋለት ብሎ ገንዘብ ከፈለ፤ ከወራት በኋላ ግን ትምህርት ቤቶቹን በዚያው መረጃ የሚያስፈራሩ መልእክቶች መጡ። ቶሮንቶ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ ከ1985 ጀምሮ የተማሩ ሰዎች መረጃ ሳይቀር ተነክቷል። እኔን የቆጨኝ ይሄኛው ነው። የ40 ዓመት መዝገብ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም?

እኛ ጋ ፓወርስኩል የለም፣ ኤክሴል ነው ያለው። ኤክሴልም ቢሆን ይቆለፋል። ፋይል፣ ኢንፎ፣ ፕሮቴክት ወርክቡክ፣ ከዚያ ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስዎርድ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የይለፍ ቃሉን ከረሱት ግን ፋይሉ አይከፈትምና ርዕሰ መምህሩ ጋ በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ፤ ፋይሉ ያለበት ግሩፕ ላይ አብሮ መለጠፍ ግን ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው። ቴሌግራም የሆነ ቦታ ከፍተው የረሱ ደግሞ ስልካቸው ላይ ሴቲንግ ገብተው ዲቫይስ የሚለውን ይዩ፣ የማያውቁት ኮምፒውተር ካለ እዚያው ያስወጡት። ከሁሉም በፊት ግን ያቺ የምርመራ ዓምድ። የልጅቷ ሕመም መምህሯ ማወቅ ያለባት ነገር ነው፣ ሮስተር ላይ ግን ቦታ የለውም።

እኔም የራሴን ድርሻ አለብኝ። ለስንት ዓመት ዴስክቶፔ ላይ የሰው ልጆች ስም ተከምሮ ዝም ብያለሁ። አሁን ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ፕሮግራም ጭኛለሁ፣ ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ደንበኛ የተወው ሁሉ ይጠፋል። ኮፒ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ እናንተም አድርጉት።

ለመምህሯ ደውዬ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም፣ ከዚያ ድምጿ ተቀየረ። በማግስቱ ከክፍል በፊት መጣች። ዓምዷን አጥፍታ ሮስተሩን እንደገና አሳተመች፣ የድሮውን ቅጂ ከሪሳይክል ቢን ሳይቀር አብረን አጠፋነው። ፍላሿን ራሷ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከመውጣቷ በፊት የትኛው ልጅ እንዳየው ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም።