የልጅ ልጆቻችን የሚወቅሱን በየትኛው ሕክምና ይሆን?

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆመች እናት ጉንፋን ለያዘው ልጇ ያለ ሐኪም ማዘዣ አሞክሳሲሊን የተባለውን የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሽሮፕ ጠየቀች፤ ሻጩም ስለ ሕመሙ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳያነሳ ጠርሙሱን አቀበላትና «ሲሻለው ታቆሚለታለሽ» አላት።

በ1847 እ.ኤ.አ. ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም ቪየና ውስጥ ባልደረቦቹ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ ሳይታጠቡ እናቶችን እንዳያዋልዱ ደንግጎ የወላዶች ሞት በእጅጉ ቢቀንስም፣ ብዙ የዘመኑ ሐኪሞች ሐሳቡን ሳይቀበሉት ቀርተዋል። የአእምሮ ሕሙማንን አንጎል በቀዶ ሕክምና የመቁረጥ ዘዴም በ1949 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ዛሬ ሁለቱንም ስንሰማ ይዘገንነናል።

ፀጉር የሚያረግፈውንና ሰውነትን የሚያደቀውን የካንሰር መድኃኒታችንን፣ ኬሞቴራፒን፣ መጪው ትውልድ በሐዘን ያየው ይሆናል እንጂ የሚፈርድብን አይመስለኝም፤ ከዚያ የተሻለ በእጃችን ያልነበረ ሕሙማን ብዙ ናቸውና። የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ብክነታችን ግን ሌላ ነው። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አያድነውም፤ ፔኒሲሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግም ገና በ1945 የኖቤል ንግግሩ፣ መድኃኒቱ ባነሰ መጠን ከተወሰደ ተሕዋስያኑ እንደሚላመዱት አስጠንቅቋል። ስለዚህ አላወቅንም ልንል አንችልም። ነገ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ደሴ ሲታከም ይህ ርካሽ መድኃኒት እንዲሠራለት ከፈለግን፣ ማዘዣ መጠየቅ ከዛሬው ሻጭም ከዛሬው ገዢም ይጠበቃል።