«ኮ ኮ» በተቀዳበት ቀን የተቆረጠው ዜማ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1945፣ ኒው ዮርክ። ሳቮይ የተባለው ሸክላ አሳታሚ ለጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ለቻርሊ ፓርከር ቡድን የያዘው የቀረጻ ቀጠሮ ከጅምሩ ተዛብቷል። ይጠበቅ የነበረው ፒያኒስት ባድ ፖውል የለም። ስለዚህ ዲዚ ጊሌስፒ ትራምፔቱን አስቀምጦ ፒያኖው ላይ ተቀመጠ፤ ትራምፔቱ ለ19 ዓመቱ ማይልስ ዴቪስ ሆነ። በዚያ ላይ የፓርከር ሳክስፎን እየተንጫረረ አስቸገረ።

በዚያ ዘመን ድምፅ የሚቀዳው በቀጥታ ዲስክ ላይ ነው። እንደ ቴፕ ቆርጦ መቀጠል ስለሌለ አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይነሳል። ከዕለቱ ሥራዎች «ናውስ ዘ ታይም» ለኅትመት የበቃው በ4ኛው ሙከራ፣ «ቢሊስ ባውንስ» በ5ኛው ነው። በሁለቱም ላይ ማይልስ ከመካከለኛው የድምፅ ክልል ብዙም ሳይወጣ ረጋ ብሎ ይነፋል። ጊሌስፒን ልምሰል አለማለቱ ትልቅ ማስተዋል ነው።

የዕለቱ ፈጣን ሥራ «ኮ ኮ» ግን ለማይልስ ገና ከአቅሙ በላይ ነበር። መግቢያው 32 ባር ነው (አንድ ባር እዚህ 4 ምት ነው)፤ 8 ባር ሁለቱ ነፊዎች አብረው፣ 8 ትራምፔት ለብቻው፣ 8 ሳክስፎን ለብቻው፣ የመጨረሻው 8 እንደገና አብረው። ፍጥነቱ በደቂቃ 300 ምት ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት ትራምፔተኛ እያንዳንዱን ኖታ በምላሱ ልምታ ካለ ምላሱ ከጣቶቹ ወደ ኋላ ይቀራል። መፍትሔው አብዛኛውን በአንድ ትንፋሽ አያይዞ ማለፍና ምላስን ጠንከር ለሚሉት ኖታዎች ብቻ መቆጠብ ነው። ይህን አጣርቶ የሚነፋው ጊሌስፒ ስለነበር ለመግቢያውና ለመዝጊያው ትራምፔቱን ያነሳው እሱ ሆነ።

የመጀመሪያው ሙከራ ያለ እንከን ተጀመረ። መግቢያው እንዳለቀ ግን ነፊዎቹ በቀጥታ ወደ «ቼሮኪ» ዜማ ገቡ፤ ወዲያው እንዲቆሙ ተደረገ። «ቼሮኪ» በ1938 የወጣ የሬይ ኖብል ሥራ ነው። የ«ኮ ኮ» ኮርዶች፣ ማለትም ዜማውን የሚያጅቡት አብረው የሚሰሙ ኖታዎች፣ ከእሱ የተወሰዱ ናቸው። የባለቤትነት መብት የሚከፈልበት ግን ዜማው እንጂ የኮርዱ አካሄድ አይደለም። ዜማው አንዴ ሸክላው ላይ ከገባ አሳታሚው ለሌላ ሰው ሊከፍል ነው።

ሂሳቡም ከሰዓት አንጻር አያዋጣም ነበር። የ«ቼሮኪ» አንድ ዙር 64 ባር፣ ማለትም 256 ምት ነው፤ በዚያ ፍጥነት 51 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። መግቢያውና መዝጊያው ተደምረው ወደ 50 ሴኮንድ ይጠጋሉ፤ ፓርከር ለብቻው የሚነፋው ሁለት ዙር ሶሎ 102 ሴኮንድ ነው። ዜማው ሲጨመር ከበሮው ሳይቆጠር 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያልፋል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረው ባለ 10 ኢንች ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ደግሞ 3 ደቂቃ ገደማ ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ዜማው ሙሉ በሙሉ ወጣ። ከመግቢያው ቀጥሎ ፓርከር 128 ባር ያለ እረፍት ነፋ፤ ማክስ ሮች በከበሮው ተከተለ፤ ጊሌስፒና ፓርከር ወደ መግቢያው ሐሳብ ተመልሰው 3 ደቂቃ ሳይሞላ ዘጉት። ለአድማጭ የደረሰው ይህ ነው። የተቋረጠው ሙከራም ተርፎ ኋላ ታትሟል፤ «ቼሮኪ»ን ሲጀምሩና በመሃል ሲቆሙ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።