ከዮርክ እስከ ሪፖን

ሰሜን እንግሊዝ ያለችው ዮርክ ስገባ ዝናቡ እያካፋ ነበር። ኪትካትን የፈጠረው የራውንትሪ ፋብሪካ እዚሁ ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ የቸኮሌት ሽታ ያመጣል። እኔን ግን የሳበኝ የባለፋብሪካው ልጅ ሲቦም ራውንትሪ ነው። በ1899 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የከተማውን ሠራተኞች ቤት ለቤት አስጠንቶ፣ ከ11,500 የሚበልጡ ቤተሰቦችን መዘገበ። በ1901 ያሳተመው ውጤት ከከተማው ሕዝብ 28 በመቶ ገደማው በድህነት እንደሚኖር አሳየ።

አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ ያሰመረው የድህነት ወለል በሳምንት 21 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ነበር። ይህ ነፍስን ለማቆየት ብቻ ነው። በዚህ የሚኖር ሰው ባቡር አይሳፈርም፣ ጋዜጣ አይገዛም፣ ርቆ ለሄደ ልጁም ደብዳቤ አይልክም፤ የቴምብር የለውማ። ይህንን እያሰብኩ የሃሮጌት ባቡር ትኬት ቆረጥኩ። የዛሬውን ዋጋ ሳይ እኔም ከወለሉ በታች የወረድኩ መሰለኝ።

ከሃሮጌት ወደ ሪፖን ሐዲድ የለም፤ 36 ቁጥር አውቶቡስ ፎቅ ላይ ወጥቼ በግ የሞላበትን መስክ እያየሁ ደረስኩ። የመጣሁት ዛሬ ሙዚየም የሆነውን ወርክሃውስ ለማየት ነው። ድሃ እርዳታ ሲፈልግ የሚገባበት ግቢ ነው። ማታ የመጣ ቤት የለሽ ልብሱን አስረክቦ ገላውን ይታጠባል፤ ከዚያ በጠባብ ክፍል ይቆለፍበታል፤ ላደረበትም በጉልበቱ ይከፍላል። በእንዲህ ያሉ ግቢዎች ባል ከሚስት፣ ልጅ ከወላጅ ይለያል። ይህ የዘበኛ ክፋት አይደለም። የ1834ቱ ሕግ ኑሮው ከውጭ ካለው ድሃ ሠራተኛ ኑሮ የከፋ ይሁን ብሎ ነው፤ ጨርሶ ካልቸገረው በቀር ማንም እንዳይመጣ።

ታዲያ እንዲህ የጨከነው መንግሥት በኋላ ለድሃው ማሰብ የጀመረው ምን ነክቶት ነው? የምታስጎበኘንን አሮጊት ጠየቅኳቸው። «ጦርነት ነዋ!» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ከ1899 እስከ 1902 እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካ ከቦኤሮች (ከደች ዘር ሰፋሪዎች) ጋር ሲዋጉ፣ ከኢንዱስትሪ ከተሞች ለመዝመት ከመጡት ብዙዎቹ ገና በሐኪም ምርመራ ወደቁ። ደረታቸው ጠባብ፣ ጥርሳቸው የበሰበሰ። የዓለምን ሩብ የሚገዛ መንግሥት ወታደር አጣ! የተሰየመው ኮሚቴ በ1904 ባወጣው ሪፖርት ተማሪዎች እንዲመገቡና በሐኪም እንዲታዩ መከረ። ለተማሪዎች ምሳ የሚፈቅደው ሕግ በ1906፣ የጤና ምርመራው በ1907 መጡ። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ብራድፎርድ በ1907 የተመገቡትን ልጆች መዘኗቸው፦ ምግቡ ሲሰጥ ክብደታቸው ጨመረ፤ የበዓል ዕረፍት መጥቶ ሲቋረጥ ቀነሰ።

ግን ወታደር ብቻ አልነበረም የሚያስፈራው። በ1906ቱ ምርጫ የሠራተኛ ፓርቲ 29 መቀመጫ አገኘ፤ በሥልጣን ላይ የነበሩት ሊበራሎች ሠራተኛው እንዳይከዳቸው ሰጉ። በጀርመን መራሔ መንግሥቱ ቢስማርክ ሶሻሊስቶችን አግዶ፣ ከ1883 ጀምሮ የሕመምና የጡረታ መድን በማቆም ሠራተኛውን ሊነጥቃቸው ሞክሮ ነበር። የእንግሊዙ የገንዘብ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅም በ1908 ሄዶ አየው፤ በ1911 በእንግሊዝ የታወጀው የሕመም መድን የዚያ ጉዞ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ርኅራኄ አልነበረም አልልም፤ ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን አባል የሆነው ራውንትሪ ከልቡ ነበር። ካቢኔን ያንቀሳቀሰው ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ ከእንባው ይልቅ ፍርሃቱ ነው።

የመጀመሪያው ጡረታ የተከፈለው ጥር 1 ቀን 1909 ነው። 70 ዓመት ለሞላው ድሃ በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ፣ ያውም በፖስታ ቤት መስኮት። ወርክሃውስ ደጃፍ መቆም ቀረ።

በዚያ ጠዋት በዚህ ግቢ የነበሩ አዛውንቶች ግን አላገኙም። የድሆች እርዳታ የወሰደ ሰው እስከ 1910 መጨረሻ ጡረታ አይገባውም ነበር። ይህን የነገሩኝ አሮጊቷ ናቸው፤ በሩን እየዘጉ፣ የእኔም አውቶቡስ ሊሄድ ሲል።