«ተመስገን» ሲሉኝ ምን ብዬ ልመዝግብ?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ወርከር (የማህበረሰብ ጤና ሰራተኛ) ነኝ፣ የማናግራቸው ታካሚዎች አብዛኞቹ ሀበሾች ናቸው። በፊት የሰውን ኑሮ ኖት ላይ ነበር ምጽፈው፣ መኪና የላትም፣ ልጇ ስራ ሲገባ ቀጠሮ ያመልጣታል ምናምን እያልኩ። በኋላ አለቃዬ በትራንስፖርት ምክንያት ስንት ሰው ነው ሚቀረው ስትለኝ በቃ የወራት ኖት አንድ በአንድ ማንበብ ሆነ ስራዬ።

ከዛ ወደ ዜድ ኮዶቹ ገባን፣ እንደ ቤት፣ ምግብና ትራንስፖርት ያለ የኑሮ ችግር ታካሚው መዝገብ ላይ ሚገባባቸው፣ ከዜድ 55 እስከ ዜድ 65 ያሉት። የትራንስፖርት ችግር ዜድ 59.82 ነው፣ የምግብ ዋስትና ማጣት ዜድ 59.41። ደግነቱ የግድ ሀኪም ይጻፈው አይባልም፣ መዝገቡ ውስጥ እስከገባ ድረስ የኔም ጽሁፍ ለኮዱ ይበቃል።

የምግቡ ጥያቄ ግን ጉድ ሰራኝ። ባለፉት 12 ወራት መግዣ ሳናገኝ ምግባችን ያልቅብናል ብለን ሰግተናል፣ ብዙ ጊዜ፣ አንዳንዴ ወይስ በጭራሽ ነው ሚለው፤ ሳነብላቸው «ኧረ ተመስገን ልጄ» ይሉኛል፣ እኔ በጭራሽ ላይ ምልክት አረጋለሁ። ተመስገንማ እንደምን አደሩ ሲባሉም ይላሉ፣ ስለ ፍሪጃቸው ምንም አልነገሩኝም እኮ! አሁን ይሄን ሁሉንም ሰው ነው ምጠይቀው ብዬ እጀምራለሁ፣ ልጅ እያስተረጎመ ከሆነ ደግሞ ውጪ ይጠብቅ እላለሁ፣ የትኛዋ እናት ናት ልጇ ፊት ቸገረኝ ምትለው።

ትልቁ ስህተቴ ግን የቤቱ ነው። አንዲት እናት የአክስታቸው ልጅ ሳሎን ውስጥ ነው ሚያድሩት። ዜድ 59.01 ቤት አጥቶ ሰው ጋ የተጠጋንም ስለሚጨምር አስገባሁት፣ በኮዱ ትክክል ነኝ። ሳምንት ሳይሞላ ደወሉ፣ ልጃቸው ፖርታሉን፣ ታካሚ መዝገቡን ኦንላይን ሚያይበትን ማለት ነው፣ ከፍቶ ሆምለስ (ቤት አልባ) ሚለውን አንብቦላቸው። «ዘመድ እያለኝ ሜዳ ላይ ወደቀች ብለሽ ጻፍሽብኝ?» አሉኝ፣ ምን ልበል፣ አፈርኩ።

ከዛ ወዲህ ሳላስገባ በፊት ስክሪኑን ወደነሱ አዞርና ቃሉን በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፣ ማን እንደሚያየውም ጭምር፣ ምክንያቱም ኢሚግሬሽን ያየዋል ብሎ ሚፈራ ብዙ ነው። አልፈልግም ካሉ መመለስ አልፈለጉም ሚለውን እመርጣለሁ። ችግር አለብኝ ያለ ሁሉ እርዳታ ይፈልጋል ማለትም ስላልሆነ እሱን ለብቻው እጠይቃለሁ።

እኚህ እናት የትራንስፖርቱን እሺ አሉ፣ የቤቱን አስነሱኝ። የወሩ ሪፖርት ላይ ቁጥሩ ለምን ቀነሰ ስትለኝ ለአለቃዬ እንዳለ ነገርኳት።