ባጃጅ እየጠበቅኩ

ከሥራ ስወጣ ዝናብ ነበር፣ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ባጃጅ ጥበቃ ቆሜ ቆሜ እግሬ ሲዝል ህንድ አገር የተማርኩባት ከተማ ቪሻካፓትናም ትዝ አለችኝ (ቪዛግ ነው የምንላት)። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት መንገድ ዳር ቆሜ «ባጃጅ! ባጃጅ!» እያልኩ ስጣራ ሰዉ ዞር እያለ ያየኛል፣ ለካ እነሱ አውቶ ነው የሚሉት፣ ባጃጅ እዚያ የፋብሪካው ስም ነው፣ ሞተር ሳይክልም ይሠራል።

ዶርም አብሮኝ የሚኖር ህንዳዊ ጓደኛ ነበረኝ። አንዴ ለበዓል አገሬን ላሳይህ ብሎ አራኩ ከሚባለው ሸለቆ ወዲያ ተራራው ላይ ወዳለችው መንደሩ ይዞኝ ሄደ። መጀመሪያ ባቡር፣ ዋሻ ገብተን ስንወጣ ዋሻ ገብተን ስንወጣ፣ ከዚያ ጂፕ፣ ሾፌሩ ግራና ቀኝ ሰው ደርቦ፣ ከኋላ የተንጠለጠለው ሳይቆጠር፣ እኔ የማላውቃት ሴትዮ ዶሮ ታቅፌ። ጂፑ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ከዚህ በኋላ በእግር ነው አለኝ፣ ሁለት ሰዓት ሽቅብ ወጣን። መንገዱ ግራና ቀኝ ቡና ነው፣ ጥላ ዛፎቹ ላይ ቁንዶ በርበሬ ተጠምጥሞባቸዋል። የቡና አገር ልጅ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ፣ የቀረበልኝ ወተት የበዛበት ሻይ።

ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ላይ ረጅም ቀርከሃ ተደግፎ አየሁ፣ መሀሉ ላይ አሮጌ ሳሪ ታስሮበታል። ምንድነው ስለው «ዶሊ» አለኝ። የታመመ ሰው ሳሪው ላይ ያስተኙና ቀርከሃውን ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ተሸክሞ ጂፑ እስከሚቆምበት ያወርደዋል፣ ታላቅ እህቱም ምጥ የያዛት ጊዜ በዚሁ ነው የወረደችው። ቃሬዛ በሉት። እኛ ጋ አራት ሰው ነው የሚሸከመው ብዬ አስተረጎምኩ፣ አባትየው ሳቁና «አራት ሰው ከተገኘማ ምን ችግር አለ» አሉ።

ከተመረቅን በኋላ የህንድን የ2011ዱን (በፈረንጆቹ ነው፣ የህንዶቹ ዓመት ሁሉ) የህዝብ ቆጠራ ሰንጠረዥ ላከልኝ። መንደሯ አንድ መስመር ነች። ስንት ቤት፣ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ እስከ 6 ዓመት ያለ ህፃን፣ ማንበብ የሚችል። ከዚያ አውቶቡስ፣ አውቶ፣ ትራክተር፣ በእንስሳ የሚጎተት ጋሪ፣ የሌለ ከሆነ ርቀቱ በፊደል ይጻፋል፣ ከ5 ኪሎሜትር በታች ኤ፣ እስከ 10 ቢ፣ ከዚያ በላይ ሲ። የነሱ መስመር ሲ ሲ ሲ ብቻ ነው። ዶሊ የሚል ዓምድ የለም፣ ሁለቴ ፈልጌያለሁ።

መንገድም ያላገኙት በቁጥር ነው እኮ። ህንዶቹ በ2000 የገጠር መንገድ ፕሮግራም ሲጀምሩ ያወጡት መስፈርት ሜዳ ላይ 500 ሰው፣ ተራራና የጎሳ አካባቢ 250 ሰው ነው፣ ያውም በ2001ዱ ቆጠራ ተቆጥሮ። እነሱ አይሞሉም። ለሰርግ ሲሰበሰቡ ቢቆጥሩን ይሻል ነበር ይላል እየሳቀ።

ይሄኔ ነው አያቴ ትዝ ያለችኝ። በኛ አቆጣጠር ግንቦት 1999 የህዝብ ቆጣሪዎቹ ሲመጡ እኔን እዚያው ገጠር አስመዘገበችኝ፣ ከተማ ተማሪ ነኝ፣ እናቴም እዚህ አስመዝግባኛለች። ስጠይቃት «ሰው በዝቶ ካልታየ ማን መንገድ ይሰጠናል» ብላ ተቆጣችኝ፣ እኔም ዝም አልኩ፣ መቼም ለአገር ልማት ነው። ጥርጊያው ዛሬም ክረምት ሲገባ መኪና አያሳልፍም፣ ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ ቆጠራም አልተደረገ፣ እነሱም የ2021ዱ በኮሮና ተራዝሞባቸዋል።

እኔ ግን አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። በፌብሯሪ 2011 ቆጣሪዋ ዶርማችን ስትመጣ እኔ ተኝቼ ነበር፣ ስለኔ መልስ የሰጠው ያው ጓደኛዬ ነው። የአባቴን ስም እንኳን አስተካክሎ አይጠራም። የት ተወለደ ስትለው ምን ብሎ አስሞልቶ ይሆን? ያ ልጅ እኔንም መንደሩ ላይ ደምሮኝ እንዳይሆን?