ከባፈሎ መኪና ላምጣ ወይ ለምትሉኝ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለና "አጎቴ፣ ባፈሎ አንድ መኪና አይቻለሁ፣ እዚህ ካለው በጣም ይረክሳል፣ ሄጄ ላምጣው ወይ?" አለኝ። ባፈሎ ድንበር ማዶ ያለችው የአሜሪካ ከተማ ናት። ጥያቄው አዲስ አይደለም፣ ቶሮንቶ ውስጥ መኪና ልግዛ ያለ አበሻ ሁሉ አንድ ቀን ይጠይቀዋል፣ እኔም በ2007 (በፈረንጆቹ) ጠይቄዋለሁ። በስልክ የነገርኩት ነገር ብዙ ሰው የሚጠቅም ስለመሰለኝ እዚህ ልጻፈው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ያኔ የነበረውን ለማያስታውስ ልንገረው። ሴፕቴምበር 20 ቀን 2007 የካናዳ ዶላር ከአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል ሆነ፣ ከ1976 ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ደሞ ጭራሽ በልጦት አንዱ የኛ ዶላር 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም አወጣ። ገንዘቡ እኩል ሲሆን ዋጋው ግን እኩል አልሆነም፣ ያው አንድ ሞዴል መኪና ወደ አሜሪካ የሚወስደውን ድልድይ ተሻግረህ ስታየው በብዙ ሺህ ዶላር ይቀንሳል። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጂም ፍላሄርቲ ሳይቀር ነጋዴዎቹን ዋጋ አውርዱ እያለ ይናገር ነበር። ቡና ላይ ብትቀመጥ ወሬው እሱ፣ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ብትቆም ወሬው እሱ፣ ማን ስንት አተረፈ ነው።

ያው ሚኒስትር በዚያው ዓመት ማርች ላይ ባጀት ሲያቀርብ ኢኮአውቶ የሚባል ሪቤት፣ ማለትም ከግዢ በኋላ የሚመለስ ገንዘብ፣ ይዞ መጥቷል። ከማርች 20 ቀን 2007 ጀምሮ ቤንዚን የሚቆጥብ አዲስ መኪና ለገዛ ወይም ሊዝ ላደረገ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ቼክ ይላካል ተባለ፣ ለሁለት ዓመት 160 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት። መስፈርቱ ለአውቶሞቢል በ100 ኪሎ ሜትር 6.5 ሊትር ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ለቫንና ለመሳሰሉት 8.3። ቶዮታ ፕሪየስ 2,000 ያገኛል፣ ቶዮታ ያሪስ 1,000። በተቃራኒው ደሞ 13 ሊትርና ከዚያ በላይ የሚበላ መኪና ላይ ከ1,000 እስከ 4,000 ዶላር ተጨማሪ ታክስ ተጣለ፣ ፒክአፕ ግን አይነካውም፣ ለምን እንደማይነካው እስካሁን አልገባኝም፣ መንገዱን የሞላው እኮ ፒክአፕ ነው።

እኔ ልቤ የነበረው ሆንዳ ፊት (Fit) የምትባለው ትንሽ መኪና ላይ ነው። ዴሊቨሪ ስለምሰራ የኋላ መቀመጫዋ ወደ ላይ ታጥፎ እቃ እንደ ጉድ ትይዝ ነበርና። ሆንዳ ፊት ግን በ0.1 ሊትር ብቻ ከመስመሩ ወጣች፣ ከሪቤቱም ወጣች። አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ማለት እኮ ለአንድ መቶ ኪሎ ሜትር አንድ የቡና ስኒ ያህል ነው። እሺ መስመር የሆነ ቦታ መሰመር አለበት እንበል፣ ግን በዚያው ፕሮግራም ኢ85 የሚባለውን ኤታኖል የተቀላቀለ ነዳጅ መጠቀም የሚችሉት ፍሌክስ ፊዩል መኪኖች እስከ 13 ሊትር እየበሉም 1,000 ዶላር ያገኙ ነበር፣ ትልቋ ሸቭሮሌት ኢምፓላ ሁሉ አገኘች፣ ኢ85 የሚሸጥ ማደያ ደሞ በአገሩ በጣት የሚቆጠር ነበር። ማለትም ሰውየው ተራውን ቤንዚን እየቀዳ ቼኩን ይቀበላል። ይሄ ያኔም አናዶኛል አሁንም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ቤንዚን ለመቆጠብ የተመደበ ገንዘብ ነው።

ድንበሩ ጋ ልመለስ። መጀመሪያ አዲስ ከዚያ ላምጣ ብዬ ድንበር ማዶ ወዳለ አንድ ዲለር ደወልኩ። ሰውየው በጣም ደስ ብሎት ያወራኛል፣ ከለሩን ጠየቀኝ፣ አድራሻ ሲለኝ ኦንታሪዮ አልኩ፣ እዚያ ላይ ድምፁ ተቀየረ። አዲስ መኪና ለካናዳ ሰው እንዳንሸጥ አምራቹ ከልክሎናል፣ ዩዝድ፣ ያገለገለ ማለት ነው፣ ከፈለግህ ና አለኝ። ያኔ እንዲህ የተባለው ብዙ ሰው ነው፣ አንዳንዱ አምራች ደሞ መኪናዋ ድንበር ካለፈች ዋራንቲዋን አላውቃትም ይል ነበር።

የአጎቴ ልጅ ግን ዩዝድ ለመግዛት ቆርጦ ሄደ። አርብ ከሰዓት በኋላ በአውቶብስ ባፈሎ ገባ፣ 14,000 ዶላር ከፈለ፣ ቁልፉን ተቀበለ፣ በደስታ ድንበሩ ላይ ያለው ድልድይ፣ ፒስ ብሪጅ ጋ ደረሰ። የአሜሪካ ጉምሩክ ቢሮ ሲገባ መኮንኑ "ታይትሉን መቼ ነው የላክኸው?" አለው። ለካ መኪና ከአሜሪካ ሲወጣ ታይትሉ፣ የባለቤትነት ወረቀቱ ማለት ነው፣ ቢያንስ 72 ሰዓት ቀድሞ መውጫው በር ላይ ላለው ቢሮ መድረስ አለበት፣ ወረቀቱ ሳይታይ መኪናው አይወጣም። አርብ ማታ ነው፣ ማታ አስር ሰዓት ላይ ደውሎ "በቃ ሞቴል ልያዝ" ሲለኝ ድምፁ ይሰማኛል፣ ሳልጠይቅ መጣሁ ያለው እሱ ራሱ ነው። እዚያው ሶስት ሌሊት አደረ፣ ሰኞ የስራ ቀኑ ተቃጠለ።

ካናዳ በኩል ሲገባ ደሞ ሌላ ነገር ጠበቀው። መኪናው የታወቀ የጃፓን ብራንድ ነው፣ አሜሪካም ስለሚሰራ ቀረጥ የለውም ብሎ ነበር። ኦፊሰሯ ዳሽቦርዱ ላይ ባለው መስታወት በኩል የቪን ቁጥሩን፣ የመኪናውን መለያ ቁጥር፣ አይታ የመጀመሪያው ፊደል ጄ ነው አለችው። 1፣ 4 ወይም 5 ቢሆን አሜሪካ፣ 2 ካናዳ፣ 3 ሜክሲኮ የተሰራ ነው፣ ያኔ ናፍታ (NAFTA) በሚባለው የሶስቱ አገር የንግድ ስምምነት ከቀረጥ ነጻ ይገባ ነበር። ጄ ግን ጃፓን ነው፣ 6.1 በመቶ፣ 854 ዶላር። ኤሲ አለው? አለው፣ ለሱ 100 ዶላር ታክስ። በዚህ ሁሉ ላይ ያኔ 6 በመቶ የነበረው ጂኤስቲ፣ የፌደራሉ የሽያጭ ታክስ፣ 897 ዶላር። ፎርም 1 የሚባለው የመኪና ማስገቢያ ቅጽ ተሞላ። ለአር አይ ቪ፣ የገቡ መኪኖችን ለሚመዘግበው፣ 200 ዶላር ገደማ። ከዚያ 45 ቀን ውስጥ ኢንስፔክሽን፣ ሪኮል (አምራቹ ለጥገና የጠራው ጉድለት) እንደሌለበት የአምራቹ ደብዳቤ፣ ቀን ቀን የሚበራው የፊት መብራት አልነበረውምና እሱን ማስገጠም፣ የኦንታሪዮ ሴፍቲና የጭስ ምርመራ፣ ሰሌዳ ሲያወጣ ደሞ 8 በመቶ የክፍለ ሀገር ታክስ፣ ሌላ 1,120።

እኛ ቤት ሂሳብ የምትሰራው ባለቤቴ ናት። በልጆቹ አራት ማዕዘን ደብተር ላይ አንዱን ገጽ ለሁለት ከፍላ በግራ "እዚያ" በቀኝ "እዚህ" ብላ ጻፈች፣ የአጎቴን ልጅ ሪሲቶች አንድ በአንድ እየጠየቀች ደመረች፣ 17,171 ዶላር መጣ፣ ሞቴሉና መብራቱ ሳይቆጠር። ተመሳሳዩን መኪና እዚህ በ16,000 አይተን ነበር፣ ከነታክሱ 18,240። ልዩነቱ ወደ አንድ ሺህ ነው፣ ከሱ ላይ ሶስት ሌሊት፣ የተቃጠለ ስራ፣ አውቶብስና መብራት ሲቀነስ የቀረው ያን ሁሉ ሩጫ የሚያስሮጥ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ያኔ በደንብ ያተረፉ ሰዎችም አሉ፣ በተለይ ውድ መኪና የገዙ፣ ቪኑ በ1 ወይም በ4 የሚጀምር የመረጡ፣ ወረቀታቸውን ቀድመው የላኩ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 በኋላ የተሰሩት ላይ ደሞ የካናዳን ደንብ የሚያሟላ ኢሞቢላይዘር፣ የስርቆት መከላከያ፣ ግዴታ ሆነና ብዙ አዲስ ሞዴል ጭራሽ አይገባም ተባለ፣ ገዝተው ድንበር ላይ ከመድረሳቸው በፊት የትኛው መኪና እንደሚገባ የሚናገረውን ሊስት ያላዩ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው አስቡት።

ከዚያ ባለቤቴ ገጹን ገልብጣ የቤንዚኑን ጻፈች። አሮጌዋ መኪናዬ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ትበላለች፣ በዓመት 25,000 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። ያሪስ በወረቀት ከ6.5 በታች ናት፣ ባለቤቴ ግን አላመነችም፣ ክረምት አለ፣ ከተማ ውስጥ መቆም መነሳት አለ ብላ 8 አረገችው። 3 ሊትር ልዩነት፣ በዓመት 750 ሊትር፣ ሊትሩ ያኔ አንድ ዶላር አካባቢ ነው፣ 750 ዶላር። ቼኩ 1,000 ነው፣ አንዴ ነው። ቤንዚኑ ግን በየዓመቱ ነው፣ በሁለተኛው ዓመት ቼኩን አልፎት ይሄዳል። እኔ ወራት ሙሉ ስለቼክና ስለድልድይ ሳስብ የከረምኩት ሰውዬ ያን ቀን ነው ዋናው ገንዘብ የት እንዳለ የታየኝ። ያሪስን እዚሁ ገዛን፣ ፎርሙን ሞልተን የግዢውን ወረቀት ኮፒ አያይዘን ላክን፣ ቼኩም መጣ።

ፕሮግራሙ ግን ብዙ አልቆየም፣ በ2008ቱ ባጀት አይቀጥልም ተባለ፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2008 አበቃ። ኦንታሪዮ ለኤሌክትሪክ መኪና እስከ 14,000 ዶላር ትሰጥ ነበር፣ ጁላይ 2018 ላይ ተሰረዘ። በ2019 የመጣው አይዜቭ የተባለው የፌደራል የኤሌክትሪክ መኪና ሪቤት እስከ 5,000 ዶላር ይሰጥ ነበር፣ ካናዳ ውስጥ ካለ ዲለር ለተገዛ ብቻ፣ ጃንዋሪ 2025 ላይ ገንዘቡ አለቀና ቆመ። ደሞ እነዚህ የፌደራል ሪቤቶች ሁሉ ለአዲስ መኪና ነበሩ። አዲስ መጥቶ በ5,000 ዶላር ዩዝድ የሚገዛ፣ ሁለት ስራ የሚሮጥ፣ ቤንዚን ከማንም በላይ የሚጎዳው ሰው ከዚህ ቼክ አንድ ሳንቲም አያይም ነበር። አሮጌ 11 ሊትር የምትበላ መኪናውን በ7 ሊትር ዩዝድ ቢቀይር የሚቆጥበው ቤንዚን ያው ቤንዚን ነው እኮ። ይሄንን የሚያስብ መንግስት ቢመጣ ደስ ይለኛል።

የእህቴን ልጅ መጀመሪያ ቪኑን ላክልኝ አልኩት። ላከልኝ፣ በ5 ይጀምራል። በኔ ጊዜ ቢሆን ሂድ አምጣ እለው ነበር። አሁን ግን ከኤፕሪል 9 ቀን 2025 ጀምሮ ካናዳ አሜሪካ በተሰሩ መኪኖች ላይ 25 በመቶ ታሪፍ ጥላለች፣ በአዲሱ የሶስቱ አገር ስምምነት መሰረት የተሰራ ከሆነ የሚቆጠረው ከካናዳና ከሜክሲኮ ውጪ ባለው ክፍሉ ላይ ነው፣ ካልሆነ በሙሉ ዋጋው ላይ። ያኔ ያስደስት የነበረው ቁጥር ዛሬ የሚያስፈራው ሆነ። ስለዚ ቪኑን ይዘህ መጀመሪያ ለካናዳ ጉምሩክ ደውል፣ ከዚያ አር አይ ቪ ሊስት ላይ መግባት አለመግባቷን እይ፣ ከዚያ ሻጩ ታይትሉን 72 ሰዓት ቀድሞ እንዲልክ አርግ፣ ብር የምትከፍለው ከዚያ በኋላ ነው አልኩት። "አርብ ልሄድ ነበር እኮ" አለኝ። አርብ አትሂድ አልኩት።